አባቴን የለመነው ሰው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። የማሳመን ንግግር የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን ለሁለት ከፍዬ አከራክራቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ክርክር በጉሮሮ የሚረታ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። እንዳው በሞቴ ዝቅ በሉ፣ ከውጭ የሚያልፈው የባጃጅ ጥሩምባ ይበቃናል እላቸዋለሁ። ቁጡ መምህር ናት ይሉኛል፣ አልዋሹም። ግን ያንን ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆንና የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳራግፍ፣ በልቤ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። በሰው መካከል ተነስቶ ሲናገር እኔ ሰምቼው አላውቅም። የተናገረው አንዴ ነው፤ እሱንም ለአባቴ ነው የተናገረው፣ አባቴም እስከ ዛሬ ያሉልኝ በእሱ ነው።

አባዬ ከቡሬ ወጣ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እርሻቸው እንደ ማንም ነው፤ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ትንሽ በርበሬ። ስማቸው የወጣው በሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲጣላ፣ ከዚያም አልፎ ሰው ሲገደልና የሟች ወገን ደሜን ካልመለስኩ ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከሽንዲ በኩል ሳይቀር በቅሎ ተልኮላቸው ሲሄዱ አስታውሳለሁ። እማዬ ታጉረመርማለች፤ የሰው ጠብ ሲያበርዱ የራሳቸው ማሳ አረም ወረሰው ትላለች። እሳቸው እቴ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ ማለት ወጡ ነው።

ልጅ ሆኜ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዤ አዳምጣቸው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እንዲያውም ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ዝቅ ያደርጉታል፣ ሰዉ ለመስማት ወደ እሳቸው ይጠጋል፤ ተጠጋግቶ ደግሞ መጯጯህ አይመችም። የተበደለውን ሰው ቶሎ አይለምኑትም። መጀመሪያ ንዴቱን እሳቸው ይናገሩለታል። አንተን ብሆን እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እኔም እህል አይወርድልኝም እያሉ፣ ሊለው ፈልጎ ቃል ያጠረውን ሁሉ ከእሱ አሳምረው ይሉለታል። ሰውየው የሚናገረው ያልቅበታል። ያኔ ዝም ይላሉ። የመጨረሻዋን ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይናገሯትም። "እንግዲህ…" ብለው ይተዉታል፤ ሰውየው ራሱ ይጨርሰዋል፣ ከራሱ ልብ የመጣ ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለዚህ ነገር ስማር አዲስ የሆነብኝ ስሙ ብቻ ነበር።

ስለ ሽምግልና አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ካልተናገርኩት የሚመጣው አይገባም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚለምነው ቆሞ ነው። ከቤት ሲገባ ሴቶቹ መቀመጫ ያቀርቡለታል፤ እሱ ግን የመጣሁበትን ሳላገኝ አልቀመጥም ይላል። የሚለመነው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ያያል። መስጠት የፈለገ ቀን እሺ አይልም፣ "ተቀመጡ" ይላል። ያችን ቃል የቤቱ ጌታ በራሱ አፍ ካላት ነገሩ አበቃ፣ ወደ ኋላ ማለት የለም። አባዬ ያችን ቃል ለመስማት በየሰው ደጅ ሲቆሙ ነው ያረጁት።

አንድ ጥቅምት ላይ እግራቸውን እሾህ ወጋቸው። እሾህ ብሎ ማን ይታመማል ብለው ዝም አሉ። ቁስሉ አልድን ሲል፣ ሽታ ሲያመጣ፣ እኔ ከፍኖተ ሰላም ሄጄ በግድ አመጣኋቸውና ሆስፒታል አስገባኋቸው። ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ እግሩን ገልጦ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ተደርጎ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ማንም አያድናቸውም፣ ያም ቀን ሩቅ አይደለም አለን። አባዬ አንድም ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡት። ሲጨርስ ደህና አድርገው አመሰገኑት፣ እናት አባቱን መረቁለት፣ ከዚያ አልቆረጥም አሉ። ልጁ የተመረቀው ምርቃት አምሮት ገና ፈገግ እንዳለ ነው እንቢታው የገባው።

ምክንያታቸውን የሰማሁት ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። መደብ ላይ ጋደም ብለው፣ እኔ ሰው የማሳምነው ቆሜ ነው አሉኝ። በምርኩዝ ተንጠልጥዬ የሰው ደጅ ብቆም የሚሰጠኝ ለቃሌ ብሎ ሳይሆን ለእግሬ አዝኖ ነው፤ እንደዚያ ከምለምን እንደ ቆምኩ ልሂድ። ሌላ ሰው ቢለው ውኃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ከአባዬ አፍ ሲወጣ ግን ያነሳል፣ ችግሩ እሱ ነው። እማዬ እንኳ ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳሰናዳ ሄድኩ። ሐኪሙ ያለኝን በማስረጃነት ያዝኩ። እግሩ ተቆርጦ ዛሬም ሱቁን ከፍቶ የሚውል አንድ የከተማችንን ሰው ለምሳሌነት ያዝኩ። ስሜቱን ከእማዬ እንባ እጀምራለሁ አልኩ። ደርሼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩና ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር፤ እማዬ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አባዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "አማረልሽ ልጄ። ማስረጃውን ግን ከለቅሶው በፊት ብታመጪው ይሻል ነበር" አሉኝ። "ሰው አንዴ ካለቀሰ በኋላ የሐኪም ቃል አይሰማም።"

ደሜ ፈላ። ሞት ደጃቸው ቆሞ እሳቸው እርማት ይሰጡኛል! ወጥቼ ከበረቱ አጠገብ ቆምኩና እንደገና አለቀስኩ፤ ግማሹ ንዴት ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ማስረጃውን ወደ ፊት አምጡት እያልኩ ዛሬ ተማሪዎቼን የምነዘንዘው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሌላ ሽማግሌ አይደለም፣ የራሳቸው የሽምግልና ጓደኞች ናቸው፣ ዕድሜ ልክ አብረዋቸው የሰው ደጅ የቆሙ። የነፍስ አባታቸውም አብረው ነበሩ። ገብተው ቆሙ፣ መቀመጫ ቀረበላቸው፣ አንቀመጥም አሉ። ልቤ በተስፋ ሞላ። አንደኛው በለስላሳ ድምፅ መለመን ሲጀምር አባዬ ከመደቡ ላይ እጃቸውን አነሱና፣ አንተ መቅደም አልነበረብህም፣ አንተ አባባይ ነህ፣ የሚቆጣው እሱ ነው፣ ቁጣው ይቅደም እንጂ አሉ። ይታያችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ተያዩና ልክ ናቸው ብለው ቦታ ተለዋወጡ! ቁጡው እንደ አዲስ ጀመረ። አባዬ እያጣጣሙ ሰሟቸው።

ከዚያ ተራው የሳቸው ሆነ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ብሆን እናንተን ነበር የምሰማው ብለው ጀመሩ፤ ጓደኞቻቸው ሊሉ የመጡትን ሁሉ ከእነሱ አሳምረው አሉላቸው። ቀጥለው ሙሉ አካል ይዞ ወደ ፈጣሪ ስለመሄድ፣ ሰው በልኩ ኖሮ በልኩ ስለማለቅ ተናገሩ። "እንግዲህ…" ብለው ሲተዉት ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። መርቀዋቸው ወጡ። እየሸኘኋቸው ሳለ ቁጡው ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ ልጄ አባትሽ እኮ እውነታቸውን ነው አለኝ። ወይ ጉድ! ሊያሳምን የመጣ ሽማግሌ አምኖ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ተመልሼ ስገባ የቁስሉ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። ጥቁረቱ ወደ ባታቸው መውጣት ጀምሮ ነበር። ትምህርት ቤት ደውዬ ነገ አልመጣም አልኩ፤ አባቴን ልቀብር መዘጋጀቴ እንደሆነ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ሰኞ ጠዋት ያ ሰው መጣ።

አውቀዋለሁ። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖረው፣ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። አባቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ያ ወንድሙ በድንበር ጠብ ተገደለበት። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ያ ሰውም ገና ወጣት ነበር። ገዳዩን ሊገድለው እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ደግሞ የዚያኛው ወገን ይነሳል፣ ማለቂያ የለውም። አባዬ ሽማግሌ ይዘው ደጁ ቆሙ። ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ተመላለሱ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ወንድምህ አሁን ብድግ ቢል፣ ያሳደገውን ልጅ የት ሆኖ ሊያየው ይወዳል? እስር ቤት ነው? ወይስ…" ብለው ተዉት። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰና ተቀመጡ አለ። መስቀል ስሞ የወንድሙን ደም ሰጠ፤ በቀሉን ተወ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ነገር ማንም አልሞተም። የአባዬን ንግግር አገሩ ለዓመታት ሲያወራው ኖሯል፣ እኔም ክፍል ውስጥ ለምሳሌ አንስቼዋለሁ።

ያ ሰው ግን ከዚያ በኋላ አባዬን ቀርቧቸው አያውቅም። ቡሬ ገበያ ሲያያቸው ከሩቅ እጅ ነስቶ ያልፋል። ለድግስ ቢጠራ አይመጣም። ዓይን አፋር ነው ብለን ትተነው ነበር። እንግዲህ ጋቢውን ተከናንቦ በራችን ላይ ሲቆም የሁላችንንም መደንገጥ መገመት ነው።

እማዬ በርጩማ አቀረበችለት። አልተቀመጠም። አባዬ ወዲያው ገባቸው፣ ከንፈራቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣ።

"ማን ላከህ?" አሉት።

"ማንም አልላከኝም። ያን ጊዜ የወንድሜን ደም ለመኑኝ፣ ሰጠሁ። ዛሬ ለማኙ እኔ ነኝ። እግርዎን ይስጡኝ።"

ይኸው ነው። ምስጋና የለ፣ መግቢያ የለ፣ ማባበል የለ። አባዬ ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉና እንደ ልማዳቸው፣ አንተን ብሆን እኔም ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። "እሱን ይተዉት" አላቸው፣ "ያንን ንግግር አውቀዋለሁ።"

አባዬ፣ "ያ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ" አለ ሰውየው። "ወንድም ይበልጣል።"

 እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፣ እማዬ ከምሰሶው አጠገብ ቆማለች፣ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። አባዬ አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ሁለት ጊዜ ዘጉት። እኒህ ሰው ቃል ሲያጡ በሕይወቴ አላየሁም ነበር፣ እናም ፈራሁ፤ ተናደው ውጣ ይሉታል ብዬ ፈራሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ ከበሩ ገብታ መደቡ ጫፍ ደረሰች። ሰውየው ላብ በግንባሩ እየወረደ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ወደ እሱ ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ተቀመጥ" አሉት።

እማዬ እልል ልትል ጀምራ በለቅሶ ጨረሰችው። እኔ ከበርጩማው ጋር ተጋጭቼ እሮጥ ጀመር፤ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም፣ ስልኬ በእጄ ላይ ሆኖ ስልክ እፈልግ ነበር። ጎረቤት ቃሬዛ አምጥቶ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው፣ ከፊት የተሸከመው ያ ሰው ነው። ሚኒባሱ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ አባዬ ዓይናቸውን አልገለጡም።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ያ ወጣት ሐኪም ላቡን እየጠረገ ወጥቶ፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አልደርስበትም ነበር ሲለኝ እጁን ይዤ ሳምኩት፤ ልጁ አፍሮ ሊሸሸኝ ምንም አልቀረው። ለእሱ፣ ቁስሉን እያጠቡ አባዬን ለሚያጫውቷቸው ነርሶች፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ከዱርቤቴ ድረስ ለመጣው ዘመድ፣ ለሁሉም ምስጋናዬ እስከ ዛሬ አላለቀም። አባዬ ዛሬ በክራንች እየሄዱ ሽምግልናቸውን ቀጥለዋል። ሰዉም ይሰጣቸዋል። ለቃላቸው ይሁን ለእግራቸው አዝኖ እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም መጠየቁን ትተውታል።

ያ ሰው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ቤቱ አልሄደም። አባዬ ከተኙበት ክፍል ውጭ፣ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይውላል። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ላመሰግነው ስል መምህርነቴ ቀደመኝ፤ እኔ ይህን ነገር የማስተምር ሰው ነኝ፣ ሽማግሌ ሁሉ ያቃተውን በሦስት ቃል ጨረስከው፣ እንደዚያ አድርገህ ለመናገር እንዴት አሰብከው አልኩት።

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ፣ "ንግግር አይደለም እቴ" አለኝ። "የሆነው እሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ያን ጊዜ አባትሽ በአፋቸው ጠለፉኝ አለ። ወንድሜን ከመቃብር አስነስተው ፊቴ አቆሙት፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ምን ልበል? መስቀሉን ሳምኩ። ቤቴ ስገባ ልቤ እንዳልሰጠ አወቅሁ። ገዳዩንስ ረሳሁት፤ ያልረሳሁት አባትሽን ነው። ሰዉ ንግግራቸውን በየገበያው ሲያደንቅ እኔ አንጀቴ ያራል። መታመማቸውን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደስታው አልመጣም። ፈለግሁት፣ የለም። ይልቅ፣ እሳቸው ከሞቱ ደሙን መስጠቴ አለመስጠቴ ሳይለይልኝ ሊቀር ነው አልኩና መጣሁ።

"ደሙን የሰጠሁት ያን ጊዜ አይደለም" አለኝ። "አባትሽ ተቀመጥ ሲሉኝ ነው።"

 ያንን የአባዬን ንግግር ስንት ክፍል ፊት ቆሜ አሞግሼዋለሁ። እጁን ያዝኩት፣ እሱም አልነጠቀኝም። እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ከበስተ ኋላችን ካለው ክፍት መስኮት የአባዬ ድምፅ መጣ፤ ለካ ነቅተው ሁሉንም ሰምተዋል። ጥሪው አሉኝ።

ገባ። አልጋው አጠገብ ቆመ። አባዬ ከሕመሙ የተነሳ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እንደ ድሮው አስበውበት ዝቅ ያደረጉት አይደለም፣ አቅም የለም።

"ያን ቀን በአፍህ እንጂ በልብህ እንዳልሰጠኸኝ አውቄ ነበር" አሉት። "ዓይንህን አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው እንዳይሞት ፈርቼ እያወቅሁ ተቀበልኩህ። ይቅር በለኝ።"

ከመካከላችን ያላለቀሰ እሱ ብቻ ነበር። "አሁንማ ሰጥቼዎታለሁ እኮ" አላቸው። "ይልቅ ይተኙ፣ ሐኪሙ አታናግሯቸው ብሎናል።"

ብርድ ልብሱንም ሳብ አድርጎ ትከሻቸውን አለበሳቸው።